ለዳልቻ የተበጠበጠ ቀለም

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ ፈረስ መቀባት ነበር፤ የተሰጠኝም ቀለም ከሰው የተረፈ ነበር። አሥረኛ ክፍል ወድቄ፣ ደብረ ማርቆስ ከመሪጌታ አድማሱ ግቢ ሠዓሊነት ልማር ገባሁ። መሪጌታ በየደብሩ የሚጠሩ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። ግድግዳው ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ተወጥሯል። የቅዱሱ ፊት አልቋል፤ ካባው፣ ጦሩ፣ የእርካቡ ወርቅ ሳይቀር አልቋል። ፈረሱ ብቻ ባዶ የእርሳስ መስመር ሆኖ ቀርቷል። መሪጌታ በየጣሳው ሥር የቀረውን ቀለም በአንድ ጣሳ አንጠፍጥፈው ሰጡኝና «በል፣ ፈረሱን አንተ ጨርሰው» አሉኝ።

ጣሳውን አየሁት። ነጩ፣ ቢጫው፣ ቀዩና ሰማያዊው ተቀላቅሎ እጣቢ መስሏል።

«መሪጌታ፣ የጊዮርጊስ ፈረስ ነጭ አይደለም እንዴ?»

«ነጩ ለመላእክቱ ልብስ ያስፈልጋል። ለእንስሳ የተረፈ ቀለም ይበቃዋል።»

ቀባሁት። ያ ፈረስ ዛሬም አንድ ደብር ውስጥ የእጣቢ መልኩን ይዞ ቆሟል። ባየሁት ቁጥር ያበሳጨኛል።

ሥራውን ለማያውቅ ልናገር። በዚያን ጊዜ አቡጀዲ በእንጨት ላይ እንወጥራለን። የበሬ ቆዳ ቀቅለን ሙጫ እናወጣለን፤ ሙጫውን ከኖራ ጋር ለውሰን ጨርቁን ደጋግመን እንቀባዋለን። ሲደርቅ በእርሳስ መንደፍ፣ ከዚያ ቀለም መሙላት፣ ከዚያ በጥቁር ጠርዝ ማውጣት ይከተላል። የሁሉም መጨረሻ ዓይን ነው። ብሌኑ ላይ በቀጭን ብሩሽ አንዲት የነጭ ጠብታ ትደረጋለች፤ እኛ «ብርሃን» እንላታለን። ያች ጠብታ ካልገባች የተሣለው ሰው አያይም። ብሩሾቻችንን የምንሠራው ከፈረስ ጭራ ነበር።

እንግዲህ አስቡት። ጨርቁን አጠንክሮ የያዘው የበሬ ቆዳ ነው። ቀለሙን ከጣሳ ወደ ጨርቅ የሚያደርሰው የፈረስ ጭራ ነው። የተረፈ ቀለም የሚደርሰው ደግሞ ለበሬና ለፈረስ ነው። ይህን አንድ ቀን ለመሪጌታ ብነግራቸው ሳቁና «አንተ ልጅ፣ አፍህ ከእጅህ ቀድሞ ሠለጠነ» አሉኝ። አልወቅሳቸውም፤ እጄን ያቀኑት እሳቸው ናቸው። እሳቸውም ከመምህራቸው የሰሙትን ነው የነገሩኝ። ግን አንድ ነገር ከአባት ወደ ልጅ ስለተላለፈ ብቻ ትክክል አይሆንም።

መሪጌታ ካረፉ በኋላ የቤተ ክርስቲያን ሥራ ራቀኝና ታፔላ መጻፍ ያዝኩ። ከደብረ ማርቆስ እስከ ሉማሜ በመንገዱ ግራና ቀኝ ከነበሩት የሥጋ ቤት በሬዎች ብዙዎቹ የእኔ ነበሩ። አንድ የሉማሜ ልኳንዳ ባለቤት ሥራዬን ሊረከብ መጥቶ ወገቡን ይዞ ታፔላውን አየ።

«ይሄ በሬ ለምን አኮረፈ?»

«አላኮረፈም ጋሼ፤ የበሬ ፊት እንዲህ ነው።»

«የኔ ይሳቅ። ደንበኛው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ከንፈሩን ፈልቀቅ አድርግልኝ።»

«ከጎኑ ቢላዋ ልጨምር?» አልኩት፤ ተናድጄ ነው።

«አብደሃል? ቢላዋ ያየ ሰው ይበላልኛል?»

ፈልቀቅ አደረግኩት። በሬው በሩ ላይ ሆኖ ይስቃል፤ ከበሩ በስተጀርባ ወንድሙ በመንጠቆ ተሰቅሏል። በሬ ካራጁ ይውላል ይባላል፤ በእኔ ታፔላ ላይ ግን አብሮት ይሳሳቅ ነበር። የሚስቅ በሬ እየሣልኩ ልጆቼን አሳደግኩ። ሁሉም ሥጋ ይወዳል፤ በሬው መሞቱን የሚያስታውሰው ሥዕል ግን ማንም አይፈልግም። ያን ጊዜ የገባኝ ይኸው ነው፤ ከገባኝም ጀምሮ ቆሽቴ እያረረ ነው የኖርኩት።

ከዚያ የባነር ማተሚያ መጣና የታፔላውን እንጀራ ወሰደው። በሬውንም ከኢንተርኔት ያወርዱት ጀመር። የፈረንጅ በሬ ነው፤ ሻኛ እንኳ የለውም። የጎጃም ሰው ሻኛ የሌለው በሬ ሥር ቆሞ ሥጋ ሲያስመዝን አይቼ ለማን አቤት እንደምል ጠፋኝ።

ሥራ ፈትቼ በተቀመጥኩበት ወቅት ከሮብ ገበያ ወጣ ብሎ አዲስ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን እንድሥል ተጠራሁ። የጠሩኝ የሰበካ ጉባኤው ሰብሳቢ አቶ ይበልጣል ናቸው። እዚያው ተወልደው ደብረ ማርቆስ በሕንፃ ሥራ የከበሩ ሰው ናቸው፤ ለቤተ ክርስቲያኑም ብዙ ደክመዋል፣ ይህን አልክድም። ከውስጥ ያለውን ነገር የሚያሳዩኝ ቄሰ ገበዙ አባ ጥሩነህ ነበሩ። አሁን ቆዳ መቀቀል ቀርቷል፤ ሸራ ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ሙጫም በባልዲ ይሸጣል። ቀለሙም ውሃ ብቻ የሚፈልግ ነው።

በእኛ አገር ሥዕሉን ያሠራው ሰው ከሥዕሉ ግርጌ ይሣላል። ከቅዱሱ እግር ሥር፣ አነስ ብሎ፣ ወይ ቆሞ እጁን ዘርግቶ፣ ወይ በግንባሩ ተደፍቶ ይማጸናል። አቶ ይበልጣል የቅዱስ ሚካኤልን ሥዕል አሠርተው ነበርና ቆመው እንዲሣሉ መረጡ። በሱፍ ልብስና በከረባት ነው የሚሉት።

«እጅጌውን ትንሽ ከፍ አድርገው» አሉኝ፤ «ሰዓቷ ትታይ።»

«የሱፉ ቀለም ምን ይሁን?»

እሱን አልወሰኑም። ጥቁር አሉ፤ ሰማያዊ አሉ፤ ቆይ ከባለቤቴ ጋር ልማከር አሉ። ስለዚህ ፊታቸውን፣ ከረባታቸውንና ሰዓታቸውን ጨርሼ ሱፉን ሳልቀባው አቆየሁት። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የሥላሴን ሥዕል ያሠሩት አያ ቸኮል ነበሩ፤ ከጮቄ ተራራ ሥር ገብስ የሚያርሱ፣ ዕድሜ የተጫናቸው ገበሬ። አንድ ጧት ዱላቸውን ተደግፈው መጥተው መሰላሌ ሥር ቆሙ።

«እኔን ብቻዬን እንዳትሥለኝ ልጄ።»

«ከባለቤትዎ ጋር ላድርግዎት አያ ቸኮል?»

«እሷማ በሕይወት አለች፤ ብትፈልግ ራሷ ትምጣ። ዳልቻን ነው የምልህ። በሬዬን።»

ዳልቻ መልኩ ነው፤ አመድማ። ስሙም እሱው ሆኖ ቀርቷል። እንስሳ ከቅዱሱ ጋር እንጂ ከሥዕሉ ባለቤት ጋር ሥዬ አላውቅም። ግን የሚከለክል ነገርም አልታየኝም።

«እሺ፤ ከአጠገብዎ አቆመዋለሁ» አልኳቸው።

«ምን ቆመ? ሞቷል እኮ። እንደወደቀ ሣለው።»

ለምን ሥላሴን እንደመረጡም ነገሩኝ። በሥላሴ ሥዕል አራት ማዕዘን ላይ ዙፋኑን የተሸከሙ አራት እንስሳ ይሣላሉ፤ አንደኛው ፊቱ የበሬ ነው። «በሬ እዚያ ላይ ካለ፣ እዚህ ታች ለዳልቻ ቦታ አያጡለትም ብዬ ነው» አሉኝ።

እሺ ካልኩ በኋላ ነው መከራው። ሸራው ፊት ቆሜ እርሳሴን አነሣሁ፤ እጄ አልሄድ አለ። በሬ ስሥል ኖሬያለሁ። የቆመ፣ የሚግጥ፣ ቀንበር የተሸከመ፣ ከሁሉ በላይ የሚስቅ በሬ አውቃለሁ። የሞተ በሬ ግን ማንም አዝዞኝ አያውቅም። የሞከርኩት ሁሉ የተኛ በሬ ሆነ፤ ጠርተውት የሚነሣ በሬ። ሠርዤ ሠርዤ ሸራው ጠቆረ። በመጨረሻ ብሩሾቼን አጥቤ ወደ አያ ቸኮል ቤት ወጣሁ።

ባለቤታቸው እማማ ጥሩዬ በር ላይ ተቀበሉኝ። ለምን እንደመጣሁ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔስ ተወው ብዬው ነበር። ሥጋውን ለጅብ የሰጠ ሰው ይሉታል። ሰንበቴ ላይ ሳይቀር ይሄንኑ ነው የሚያነሡበት። ገበያ መውጣት እንኳ ተወ።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ዳልቻ አርጅቶ ነበር። አንድ ቀን የገብሱን ማሳ ሲያርስ ውሎ ከቀንበሩ ሲፈታ እግሩ ከዳውና ወደቀ። በሬ ሲወድቅ ቢላዋ ይበዛል፤ ጎረቤት ሁሉ እየሮጠ መጣ። ልማዱ የታወቀ ነው። ነፍሱ ሳትወጣ በስመ አብ ብሎ ማረድ፣ ሥጋውን መቃረጥ፣ ባለ በሬውንም በመቃረጡ መርዳት ነው። ሳይታረድ በራሱ ጊዜ ከሞተ በክት ይሆናል፤ ክርስቲያን አይበላውም። ጎረቤቶቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ጾም የተፈታበት ሰሞን ነው፣ ልጆች አሏቸው፣ ሥጋ ከየት ይመጣል?

«ቶሎ በል ቸኮል፣ ሊያመልጠን ነው አሉኝ» አሉ አያ ቸኮል። «እኔ አላርደውም፤ ሌላም ሰው አያርደውም አልኩ። ዱላዬን ይዤ ከፊቱ ቆምኩ። ለእኔ ሲያርስ ዕድሜውን ጨረሰ። ጧት ና ስለው መጣ፣ ማታ ሂድ ስለው ሄደ። ሞቱ እንኳ የራሱ ይሁን አልኩ።»

ዳልቻ ጥቂት ቆይቶ ሞተ። ጎረቤቶቹ ቢላዋቸውን ይዘው ተመለሱ፤ ጅቦቹ መጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አያ ቸኮል የመንደሩ መሳቂያ ሆኑ። ሥዕሉን የፈለጉበት ምክንያት ይህ ነበር። ነገ እሳቸው ሲሞቱ፣ አንድ በሬ እንደ ሥጋ ሳይሆን እንደ ባልንጀራ መሞቱን የሚያሳይ ነገር ከሥላሴ እግር ሥር እንዲቀርላቸው ነው።

«ፎቶ የለውም?» አልኳቸው። የልጅ ልጃቸው ሠርግ ላይ የተነሣ አንድ ፎቶ አመጡልኝ። ሙሽሮቹ መሐል ላይ ቆመዋል፤ ከጥጉ የዳልቻ ጭራ ብቻ ይታያል። በዚያ ቤት ከሠራው ሥራ ሁሉ ለፎቶ የበቃው ጭራው ነው።

ማሳው ላይ ወሰዱኝ። «እንዴት አድርጎ እንደወደቀ ሊገባኝ አልቻለም» አልኳቸው። ጋቢያቸውን አጣጥፈው ድንጋይ ላይ አስቀመጡ። ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ቁጭ አሉ፤ ከዚያ በጎናቸው ተጋደሙ። እጆቻቸውን ወደፊት ዘረጉ፤ እግሮቻቸውንም ቀጥ አደረጉ። አንገታቸውን አስረዝመው ጉንጫቸውን አፈሩ ላይ አሳረፉ።

«በሕይወት ያለ በሬ ሲተኛ የፊት እግሩን ከሥሩ ያጥፋል» አሉ ከተጋደሙበት። «የሞተ ግን አያጥፍም። አንገቱ ወደ ቀንበሩ ነበር። እንዲህ።»

ሽማግሌው አፈሩ ላይ እንደዚያ ተዘርግተው ሳይ ደነገጥኩ። የበሬውን ሞት ልፈልግ ሄጄ የሳቸውን አየሁ። በፍጥነት ነደፍኩና እጃቸውን ይዤ አነሣኋቸው። ጢማቸው ላይ አፈር ነበር፤ አላራገፉትም።

አካሉን አገኘሁ፤ ዓይኑን ግን አላገኘሁም። ለእሱ ብዬ ደብረ ማርቆስ ቄራ ሄድኩ። ዘበኛው «ምን ልታይ ነው?» ሲለኝ «ዓይን» አልኩት፤ የጤና ሰው ስላልመሰልኩት በግድ ነው ያስገባኝ። እዚያ የሚሠሩት ሰዎች ሥራቸውን ያውቃሉ፤ ቢላዋቸው ስለታም ነው። ነገር ግን አንዱን በሬ ዓይን ዓይኑን ሳየው ቆዳው ተገፍፎ ያልቃል። እዚያ ያለው ሞት ጥድፊያ ነው፤ የዳልቻ ሞት አልነበረም።

ያገኘሁት ሳልፈልገው ነው። ቀለም ልገዛ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ አውቶቡሳችን ሉማሜ ቆመ። አንዲት በቅሎ አይሱዙ ገጭቷት አስፋልቱ ዳር ወድቃለች። ጭነቷ ተበትኗል፤ ባለቤቷ ጤፉን ከአስፋልት ላይ ያፍሳል። ከኋላ ያሉት መኪናዎች ጥሩምባ ይነፋሉ። አንድ ሾፌር «ጎትታችሁ አውጧት፣ መንገድ ዘጋች» ይላል። ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ የነበሩት ሰዎች ወንበራቸውን ወደ ውስጥ አዙረው ሻያቸውን ቀጠሉ። አንድ ጎልማሳ በሞባይሉ ይቀርጻታል፤ ይስቃልም።

ከአጠገቧ ቁጭ አልኩ። ዓይኗ ላይ ሰማዩም፣ የመብራት እንጨቱም፣ የእኔም ቆብ ይታይ ነበር። ያች እኛ በነጭ ጠብታ የምንሠራት ብርሃን እርጥበት ናት፤ ዓይኑ እርጥብ ስለሆነ ነው ሰማዩን የሚይዘው። ከዚያ ትንፋሿ ቆመ። ዓይኗ አልተዘጋም፤ ግን ቀስ በቀስ ደረቀ፤ ቆቤም ከውስጡ ጠፋ። ያ የሞባይሉ ሰውዬ «ሞተች እንዴ ጋሼ?» አለኝ፤ አሁንም እየቀረጸ ነው። «አዎ ሞተች፤ አንተም ትሞታለህ፤ ያን ጊዜ እኔ ቆሜ ብስቅ ምን ይልሃል?» አልኩት። ተሳድቦ ሄደ። እኔም አውቶቡሴ ጥሎኝ ሄደ።

በማግስቱ ሥራዬን ጀመርኩ። ከሁሉ አስቀድሜ አዲስ ጣሳ አጠብኩ፤ የማንም ቀለም ያልነካው ጣሳ። ለዳልቻ ነጭና ጥቁር በጠበጥኩ፤ አመድማው ሙት እንዳይሆንብኝ ጥቂት ቢጫና ቡናማ ጨመርኩበት። የሥላሴ ካባ እንኳ ገና ሳይቀባ የዳልቻ ቀለም ዝግጁ ነበር። አያ ቸኮልን ተደፍተው ሣልኳቸው፤ ዳልቻን ከጎናቸው ዘረጋሁት። ሁለቱም አንገታቸው ወደ አንድ ወገን ነበር። ዓይኑን ከፍቼ ተውኩት፤ ብርሃን አላደረግኩበትም።

አያ ቸኮል መጥተው ለብዙ ጊዜ አዩት።

«የቀንበሩ ጠባሳ የታል?»

ረስቼው ነበር። ቀንበር ከሻኛው ፊት ለፊት ጠጉሩን ይመልጠዋል። እዚያው ቆመው እያሳዩኝ ጨመርኩት። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብለው «ይኸው» አሉ። በሥራ ዘመኔ ሙገሳም ሽልማትም ደርሶኛል፤ ያን «ይኸው» ግን የሚስተካከለው የለም።

ከዚያ ሰበካ ጉባኤው ሥራዬን ሊያይ መጣ። አቶ ይበልጣል ከፊት፣ አባ ጥሩነህ ከኋላ፣ ሌሎቹም አሉ። አያ ቸኮልም በር አጠገብ ቆመዋል። አቶ ይበልጣል ሥላሴ ፊት ሲደርሱ ጎንበስ አሉ።

«ይሄ ምንድን ነው? ተኝቶ ነው?»

«የአያ ቸኮል በሬ ነው። ሞቶ ነው።»

«በክት ነው በለኛ። በክት በቤተ መቅደስ?»

«አቶ ይበልጣል፣ እዚያ ጊዮርጊስ ሥር የተወጋ ዘንዶ ተጋድሟል። እሱስ ታርዶ ነው የሞተው?»

«እሱ ሰይጣን ነው። ሲሞት ሊታይ ይገባዋል።»

«ሰይጣን የገባበት ቤት ሲያርስ የኖረ በሬ የማይገባበት ምክንያት ምንድን ነው?»

«ዛሬ በሬ ብንፈቅድ ነገ የአገሩ ሰው ሁሉ ውሻውንና ፍየሉን ይዞ ይመጣብናል። ሥርዓት አለው ቤቱ። ወይ አስነሣው፣ ወይ አጥፋው። ቆሞ ሣር ሲግጥ ብትሥለው ማን ይናገርሃል? ደስ የሚል በሬ አድርገው።»

ደስ የሚል በሬ። የሉማሜው ሥጋ ሻጭ በክብር ልብስ ተመልሶ የመጣ መሰለኝ። ወደ አባ ጥሩነህ ዞርኩ። መስቀላቸውን እያገላበጡ ወለሉን ያያሉ። ሌሎቹም ሰብሳቢውን ተከትለው ወጡ።

አባ ጥሩነህን በደጀ ሰላሙ አገኘኋቸው።

«አባቴ፣ እውነት ክልክል ነው?»

«በክት እንዳይበላ ነው እንጂ እንዳይታይ የሚል እኔ አላውቅም።»

«ታዲያ ይሄን ለምን እዚያ አልተናገሩም?»

«ዝም አይነቅዝም ልጄ።»

አይነቅዝም፤ እውነት ነው። በዝምታው የሚነቅዘው ዝም የተባለለት ሰው ነው። ይህን በልቤ ብያቸው ወጣሁ፤ ዛሬ ግን ጽፌዋለሁ።

ለአያ ቸኮል አንድ መላ አቀረብኩ። ከአራቱ እንስሳ የበሬው ፊት ገና አልተቀባም ነበር። «ያን ዳልቻን አድርጌ ልሥለው» አልኳቸው፤ «በመልኩ፣ በቀንዱ። ማንም ሊከለክለን አይችልም። ዙፋን ተሸክሞ ይኖራል።»

ቀና ብለው ማዕዘኑን አዩት።

«ያኛው አይሞትም» አሉ። «የኔ ሞቷል። የማይሞተውን ዳልቻ ነው ብትለኝ፣ ያ ማሳ ላይ የወደቀው ማን ነበር ልበል?»

እርሳሴን ኪሴ ከተትኩ።

«እሱን ካጠፋኸው እኔንም አጥፋኝ» አሉ። «ያለሱ እዚያ ተደፍቼ ምን አደርጋለሁ?»

ሥራውን ጥዬ ልሄድ ዕቃዬን መሸከፍ ጀመርኩ። የከለከሉኝ እሳቸው ናቸው። «አንተ ብትሄድ ሌላ ያመጣሉ፤ እሱ እንደ ተላጠ ግድግዳ ልጦ ይተወዋል። ዳልቻን በማያውቀው እጅ አይሁን» አሉኝ። ስለዚህ በገዛ እጄ አጠፋኋቸው። በአፈር ቀለም፣ ከእግሮቹ ጀምሬ ወደ አንገቱ። ጎንበስ ብዬ ስቀባ ከፊቴ የሚወርደው ላብ ነው ብዬ ብናገር ውሸት ነው። አንድን ሥዕል አስቀያሚ ነው ብለው ቢያስጠፉኝ ይገባኛል። ይህን ግን ያስጠፉኝ እውነት ስለሆነ ነው። ንዴቱ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ሥላሴ ተጠናቀቀ፤ ከግርጌው ባዶ አፈር ቀረ።

አሁን ወደ ሱፉ ልመለስ። አቶ ይበልጣል ከባለቤታቸው ጋር ተማክረው «ግራጫ ይሁን» አሉኝ። ግራጫ በጣሳ ውስጥ ነበረኝ፤ ከዳልቻ የተረፈው። ውሃ ጠብ አድርጌ በጠበጥኩትና ኮቱንም ሱሪውንም በእሱ ቀባሁት። መጥተው አዩት፤ ወደኋላ ሄድ አሉና ደግመው አዩት።

«ቀለሙ የጨዋ ነው» አሉ። «ከየት አመጣኸው?»

«እዚሁ የተገኘ ነው» አልኳቸው።

ለአያ ቸኮል ስነግራቸው መጀመሪያ አልገባቸውም። ከዚያ ሳቁ፤ ሲስቁ ሳያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። «እንግዲያ ይበልጣል ዳልቻን ለብሶ ቆሟል በለኛ» አሉ። ሳቁ ግን ያጡትን አልመለሰላቸውም። እኔም ተንኮሌን እንደ ድል አልቆጠርኩትም።

ቅዳሴ ቤቱ ሲከበር ሰዉ ከሥዕል ወደ ሥዕል እየዞረ ከግርጌ ያሉትን አሠሪዎች እየለየ ስም ይጠራ ነበር። ሥላሴ ፊት ሲደርስ ቆመ። «ይሄንስ ማን አሠራው?» ይባባላል። አንዷ «አያ ቸኮል ናቸው» አለች። «ታዲያ የት አሉ?» ሲባል ነገሩ መተረክ ጀመረ። ስለ ዳልቻ፣ ስለ ቢላዋው፣ ስለ ጅቡ፣ ስለ ጠፋው ሥዕል። ሚካኤል ሥር የቆሙትን ባለ ሰዓት ማንም ሁለት ጊዜ አላያቸውም። ባዶው አፈር ፊት ግን ሰው ተሰበሰበ። አያ ቸኮል ከዚያ በኋላ ሥላሴ በዋለ ቁጥር መጥተው ከባዶው ትክክል ወለሉ ላይ ይደፉ ነበር።

ባለፈው ዓመት አረፉ። በክት ሆነብን ብለው ያኮረፏቸው ጎረቤቶች አስከሬናቸውን ተሸክመው አመጧቸው። ቀብር ላይ ስለ ዳልቻ ያነሣ ሰው አልነበረም፤ እኔም አላነሣሁም። ተዝካራቸው ሳይደርስ አቶ ይበልጣል ደወሉልኝ።

«ያ ሥላሴ ሥር ያለው ክፍት ቦታ ያስነውራል። ወንድሜ ከውጭ ሊመጣ ነው፤ እሱን ሣልልኝ። ቸኮልም እንግዲህ የሉም።»

«አይሆንም» አልኳቸው።

«ለምን? ባዶ አይደለም እንዴ?»

«ቦታው ሰው አለው።»

ስልኩን ዘጉት። ሌላ ሠዓሊ ለመኑ አሉ፤ እሱም ታሪኩን ሰምቶ ኖሮ እንቢ አላቸው። ባዶው እስካሁን ባዶ ነው።

አሁን ወጣት ሠዓሊዎች እየመጡ ስለ ሥራው ይጠይቁኛል። ስለ ሸራ አወጣጠር፣ ስለ ጠርዝ፣ ስለ ዓይን ብርሃን የማውቀውን እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ይህን እጨምርላቸዋለሁ፦ ቀለም ስትበጠብጡ የእንስሳውን አስቀድሙ፤ በታጠበ ጣሳ፣ በአዲስ ቀለም ይሁን። ለሰው የተረፈው ይበቃዋል።